የማሊያው ቅርጫ

ያን ሰሞን መንገዱ እንደ ሰፈራችን ቧንቧ ሆኖ ነበር፤ ጠዋት ይመጣል፣ ከሰዓት ይጠፋል። የማስተር ፕላኑ ነገር ከተነሳ ወዲህ ከሰበታ ተነስቶ መናገሻ ለመድረስ ሹፌርና ነዳጅ ብቻ አይበቃም፤ ድንጋይ የሚደረድሩት ወጣቶችም፣ ድንጋዩን የሚያነሱት ወታደሮችም በዚያች ሰዓት ሌላ ቦታ መሆን አለባቸው። እኔ ደግሞ ልጄ መናገሻ ወልዳ ተኝታለችና ቅቤዬን በጣሳ አሽጌ፣ "ዛሬ ይቅርብህ" የምትለኝን ባለቤቴን "ሽማግሌን ማን ይነካዋል?" ብያት ወጣሁ። እውነቴን ነበር። ሽማግሌውን ማንም አልነካውም። ሚኒባሱን ግን ቡራዩ ላይ አስቁመው መስታወቱን አረገፉት።

አንዲት ባለሱቅ በሯን ገርበብ አድርጋ "ኮታ፣ ኮታ! ቶሎ ግቡ!" አለችንና ተሳፋሪዎቹ ተግተልትለን ገባን። እኔ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ውጪ ጎማ ይቃጠላል፤ ጭሱ በበሩ ስር እየሾለከ ከሳሙናውና ከበርበሬው ሽታ ጋር ይቀላቀላል። አጠገቤ ቦንሳ የሚባል፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ ተቀምጧል። ኔትወርክ የለም፤ ቢሆንም ስልኩ ውስጥ ያጠራቀመውን ፎቶ ያገላብጣል።

"አባባ፣ ኳስ ይወዳሉ?" አለኝ።

"እኔማ እወዳለሁ። እሷ ናት የማትወደኝ።"

ሳቀና አንድ ፎቶ አሳየኝ። ካርድ ነው። ካርዱ ላይ የፈረንጅ ተጫዋች ምስል አለ፤ ከምስሉ ስር በትንሽ መስኮት ውስጥ ጥፍር የምታህል ቀይ ጨርቅ ገብታለች።

"ተጫዋቹ የለበሰው ማሊያ ነው" አለኝ። "ካምፓኒው ይገዛና ይቆራርጠዋል። ቁራጩን ካርድ ውስጥ አድርጎ ይሸጣል። ሰው ይሰበስባል፣ ይለዋወጣል።"

"ሙሉውን ማሊያ?"

"ሙሉውን።"

"ዕጣውን ማን ይጥላል?"

"የምን ዕጣ?"

"ድርሻው የሚወጣበት ነዋ! ቆራጩስ ድርሻ ያነሳል?"

"አባባ፣ ቆራጩ ራሱ ባለቤቱ ነው። ሁሉም የሱ ነው።"

"እንግዲያው አላወቁበትም" አልኩት። "እኛ ይህን ሰበታ ላይ በጃንሆይ ጊዜ ሠርተነዋል። ያውም በሥርዓቱ።"

ባለሱቋ ከመደርደሪያው ጀርባ "ዘንድሮ የማንሰማው የለ!" አለች። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በር ተዘግቶበት የሚያዳምጥ ሰው ማግኘት ለእንደኔ ያለ ለፍላፊ ትልቅ ሲሳይ ነው፤ እኔም አላሳለፍኩትም። ለእነሱ የነገርኳቸውን ነው አሁን ረጋ ብዬ የምጽፈው።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እኔና ጓደኞቼ አሥራ አንድ ሆነን የኳስ ቡድን አቁመናል፤ አሥራ ሁለተኛ ሰው ስላልነበረን የታመመም የሰነፈም ይጫወታል። የሰነፈው እኔ ነበርኩ። ቦታዬ ተከላካይ ሲሆን፣ ኳሷ ወደ እኔ አቅጣጫ ስትመጣ በረኛችን ገና ከሩቁ ማማተብ ይጀምራል። ሜዳችን የኦቦ ጉርሜሳ የግጦሽ መሬት ነው። ኦቦ ጉርሜሳ ላሞቻቸውን ወደ ዳር ነድተው ሜዳውን ይለቁልናል፤ ላሞቹ የተዉትን ግን አያነሱልንም። የተንሸራተተ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ይነሳል። ከዚያ ሌላ ማሊያ አልነበረንም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደበላ ሰፈራችን መጣ። ደበላ የሱሉልታ ልጅ ነው፤ የጦር ሠራዊት ሯጭ። እህቱ እኛ ሰፈር ነው ያገባችው። ስለሱ ያልተወራ አልነበረም፤ ከእንጦጦ ጀርባ ከአውቶቡስ ጋር እኩል ተነስቶ ሱሉልታ ቀድሞ ደረሰ፣ ደርሶም ፊቱን ታጥቦ ተሳፋሪዎቹን ተቀበለ ይባላል። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እኛም መጠየቅ አንፈልግም።

የመጣው ግን በከዘራ ነበር። ሜዳ ላይ ሲለማመድ የግራ ዳሌው ላይ አንድ ነገር ተበጥሶበት፣ ሐኪሙም ወጌሻውም ተስፋ አስቆርጠውታል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይመጣና የሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየናል። አይስቅም፣ አያጨበጭብም። እሱ እያየን ስንጫወት እግራችን እርስ በርሱ ይተሳሰርብናል፤ የኔ እንኳ ድሮም የተሳሰረ ስለሆነ ለውጡ አልታወቀም።

የመስቀል ዋዜማ ዕለት አንድ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ መጣ። ዘረጋው። የሚሮጥበት ማሊያው ነው። አረንጓዴ፣ አንገቱ ቢጫ፣ ደረቱ ላይ ቢጫ መስመር ያለው።

"እንካችሁ" አለ። "እኔ ጨርሻለሁ።"

ለአምበላችን ለተሾመ አቀበለውና ከዘራውን ይዞ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶን እያነከሰ ከሜዳው እስኪወጣ በዓይናችን ሸኘነው። ከዚያ ማሊያውን ከበብነው። ታጥቧል፤ ቢሆንም ብብቱ ላይ የላቡ ነጭ ጨው ቀርቷል፤ ጨርቁን ጠጋ ብለው ሲያሸቱት የእግር ማሻሻው ዘይት ይሸታል። በረኛችን በአንድ ጣቱ ነካውና ጣቱን መልሶ አየው፤ የሆነ ነገር የተላለፈበት ይመስል።

አክብሮቱ ረጅም ዕድሜ አልነበረውም። ማን ይያዘው? ተሾመ "አምበሉ ነዋ" አለ። በረኛው "በረኛ ነው የተለየ ልብስ የሚለብሰው" አለ። አንዱ በየተራ እንልበሰው ሲል ሌላው "አንተ ለብሰኸው ማን ሊነካው!" ብሎ በቦክስ መለሰለት። እኔም መሐል ገብቼ ሳስታርቅ ጥሩ ጥፊ ቀመስኩ። ለደመራ የተከመረው እንጨት አጠገብ ስለነበርን ነገሩ ወደ ዱላ ሳይሄድ ተሾመ ማሊያውን ከፍ አድርጎ ይዞ "ኦቦ ጉርሜሳ ይፍረዱን!" አለ።

ኦቦ ጉርሜሳ በዚያች ሰዓት ግቢያቸው ውስጥ የመስቀሉን ቅርጫ ጨርሰው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። በሰበታ ዙሪያ በሬ ታርዶ መደብ ሲወጣ ቢላዋው ለእሳቸው ነው የሚሰጠው። እሳቸው የደለደሉትን መደብ "የኔ አነሰ" ያለ ሰው የለም፤ ቢልም ማንም አይሰማውም። በሬው የተዘረጋበት ቅጠል ገና አልተነሳም፤ ውሾቹ በአጥር ቀዳዳ አፍንጫቸውን ከትተዋል።

"አካም ጅርቱ፣ ልጆች? ፊታችሁ ምነው በርበሬ መሰለ?"

ሁላችንም በአንድ ጊዜ ነገርናቸው። እሳቸው በትዕግሥት አዳመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ስንት ናችሁ?"

"አሥራ አንድ።"

"እና ይሄ ምን ያጣላል? በሬ አይደለም እንዴ?"

አዲስ ቅጠል አስመጡ። ቢላዋውን በአመድ አሹት፣ አጠቡት፣ በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁት። ማሊያውን በሁለት ትከሻው ይዘው ወደ ብርሃን አነሱና ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጠው አዩት። ያኔ ነው የገባን። ተሾመ "ኦቦ፣ ሊቆርጡት ነው?" ሲል ድምፁ ቀጠነ።

"ሙሉውን ከያዝከው አሥር ጠላት ታፈራለህ፣ ኢልመ ኮ። ተቀመጥ።"

ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ መንግሥት ሲወርድ አይቻለሁ፣ መንግሥት ሲወጣም አይቻለሁ። እንደዚያ ዕለት ያለ ፀጥታ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አላጋጠመኝም። ቢላዋው ጨርቁን ሲነካ አንዳንዶቻችን ዓይናችንን ጨፈንን። ኦቦ ጉርሜሳ ግን እያንዳንዱን ክፍል በስሙ እየጠሩ ይሠራሉ። "ይሄ አንገቱ ሻኛ ነው፤ ለሁለት።" "ይሄ ቢጫው መስመር ጉበት ነው፤ አይበቃም፣ ያልደረሰው በሌላ ይካሳል።" "ይሄ ብብቱ..." ሲሉ አንዱ "እሱስ ለውሻ ነው" ብሎ ሳቀ። ቢላዋውን አቆሙ።

"ላቡ ያለው የት ነው? ሰውየው የሮጠው በየቱ ነው? ብብቱን ያገኘ ታላቅ ዕጣ ወጣለት በሉ።"

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ብብቱን ተመኘ።

አሥራ አንድ መደብ ቅጠሉ ላይ ተደረደረ። አንዱ መደብ ከሌሎቹ ሰፊ ነበር፤ የጀርባው መሐል። አንገት የለው፣ መስመር የለው፣ ብብት የለው፤ ኦቦ ጉርሜሳ ባዶነቱን በስፋት ክሰውታል። እያንዳንዳችን ምልክታችንን ሰጠን፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የስንደዶ ቁራጭ፣ እኔ ቆርኪ። ከወንዝ ውሃ ቀድታ የምትመለስ አንዲት ሴት ተጠርታ፣ የማን የማን እንደሆነ ሳታውቅ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ አስቀመጠች። ለምን እንደተጠራችም አልገባትም፤ "ሥጋው የታለ?" ብላ ነው የሄደችው። ኦቦ ጉርሜሳ ራሳቸው ምንም አላነሱም። የቆረጠ ሰው ድርሻ አይወስድም፤ ልማዱ ነው።

የኔ ቆርኪ የት እንዳረፈ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። "ብርድ ልብስ ደረሰው!" ብለው ጮኹ። ብብቱ ለተሾመ ወጣ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ቁራጮቹ ወደ የቤታችን ገቡ። ችግሩ ጨርቅ ቤት ውስጥ ሲገባ ጨርቅ መሆኑ ነው። የአንዱ እህት የሯጩን ትከሻ ትኩስ ድስት ልታወርድበት ስትል በመከራ ተረፈ። ያኔ አንድ ነገር መጣልኝ፤ በዕድሜዬ ከመጡልኝ ሁለት ሐሳቦች አንዱ ነው፣ ሁለተኛው ትዳር ነው። ከሻይ ቅጠል ካርቶን መዳፍ የሚያክል ቆረጥን፣ ጨርቁን አጥፈን በዱቄት ሙጫ ለጠፍነው፣ ከላዩ ላይ እኔ የደበላን ምስል በእርሳስ ሳልኩ። የሣልኩት ነገር በሁለት እግሩ የቆመ ፍየል ይመስል ነበር። ስሙን ከስሩ በትልቁ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ካርዱ ከሆነ በኋላ ማንም ድስት አላወረደበትም። አንዱ ከበራቸው በላይ በምስማር ሰቀለው። የአንዱ እናት ከነጠላዋ ጋር ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። የአንዱ አያት የሚያማቸውን ጉልበት በየማታው ያስነኩት ጀመር፤ "ቀለለኝ" ይሉ ነበር፤ አልዋሹም ይሆናል። ደበላ ወደ ሱሉልታ ተመልሷል፤ የሆነውን ሁሉ አያውቅም።

ወሬው ቡራዩ ደረሰ። የቡራዩ ልጆች በእኛ መበለጥ አይወዱምና፣ ከአንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ቡድን ወርዶ እጃቸው የገባ የፈነዳ የቆዳ ኳስ ነበራቸው፤ እሱን ተልትለው እንደኛው ካርድ ሠሩ። ለግጥሚያ ስንገናኝ ከጨዋታው ይልቅ ልውውጡ ጦፈ። እዚያ ነው ሙስጠፋን ያገኘሁት። አባቱ ነጋዴ ነው፤ ሙስጠፋ ራሱም ዕቃ አገላብጦ የሚያይ ልጅ ነው።

"ይሄ ከየቱ ጋ ነው?" አለኝ ካርዴን ይዞ።

"ከጀርባው። ባዶ ነው ባክህ፤ ምንም የለበትም።"

"ሲሮጥ ከኋላው ያሉት ሁሉ የሚያዩት እሱን ነዋ!"

በሆዴ ሳቅኩበት። የኳሱን ቆዳ ያውም ከነስፌቱ ሰጠኝ፣ ጀርባውን ወሰደ። ቡራዩ ስድስት ለዜሮ ብታሸንፈንም እኔ ቤቴ የገባሁት እንዳሸናፊ ነው።

ጥምቀት አልፎ ሽምብራው እሸት ሆኖ በየመንገዱ ሲጠበስ፣ ደበላ ያለ ከዘራ ሜዳችን ላይ ብቅ አለ። ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ፊቱ ላይ ከዚያ በፊት አይተነው የማናውቀው ሳቅ አለ።

"ልጆች፣ ማሊያዬ ደህና ናት?"

ኳሷ ብቻዋን ተንከባለለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳሌው ተሽሎታል። አለቃው እሁድ ከዓለም ገና ተነስቶ ተፍኪ ደርሶ በሚመለሰው ሩጫ ላይ እንዲሮጥ ዕድል ሰጥቶታል። ከቀደሙት ሦስት አንዱ ከሆነ ቡድኑ ውስጥ ይቆያል፤ ካልሆነ ሩጫው ያበቃና ወደ ጠረፍ ጦር ይላካል። ያን ጊዜ ደግሞ ማሊያ እንደ ጠመንጃ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ይሰጣል፣ ማሊያ የሌለው መነሻው ላይ አይቆምም። ደበላ ይህን ሁሉ እየሳቀ ነገረን። ሁላችንም ስላቀረቀርን ሳቁ ቀስ በቀስ ፊቱ ላይ አለቀ። ኦቦ ጉርሜሳ ናቸው ክንዱን ይዘው ወደ ዳር ወስደው የነገሩት። ከሩቅ ሆነን አየን። አልጮኸም። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ።

እኛ ሮጠን ካርዶቹን ልናመጣ ስንል ኦቦ ጉርሜሳ ከለከሉን።

"ዕጣ የወጣበት መደብ ተመልሶ አይጠየቅም። አምጣ የሚል የለም፤ አንተም አትጠይቃቸውም ደበላ። የሚያመጣ ካለ በራሱ ያምጣ።"

በራቸው ላይ የበሬ ቆዳ አነጠፉ። እሳቸው ጀርባቸውን ወደ ቆዳው አዙረው ተቀመጡ፤ ማን እንዳመጣ፣ ማን እንዳላመጣ እንዳያዩ። አንድ ሰው እንዳያፍር ያደረጉት ደግ ሥራ ነው። ማሊያው አካል ያለው ነገር መሆኑን ግን ረስተውታል፤ የጎደለ ቦታ የማን እንደሆነ ራሱ ይናገራል።

እኔ ያን ቀን በጠራራ ፀሐይ ወደ ቡራዩ በእግሬ ገሰገስኩ። ወጨጫ ተራራን በጎን ይዤ፣ የጤፉን ቃርሚያ እየረገጥኩ፣ አንዲት ገበሬ የሰጠችኝን የሽምብራ እሸት እየፈለፈልኩ። የኳሱ ቆዳ ኪሴ ውስጥ ነው። መልሼ ልለውጠው። ስደርስ የሙስጠፋ እናት ከበር ላይ "አባቱን ተከትሎ ለገበያ ጅማ ሄዷል፤ ሳምንት ነው የሚመለሱት" አሉኝ።

"ካርዱስ እትዬ? የጨርቁ?"

"ያቺን? ጨርቋን ከካርቶኑ አላቆ ኮቱ ውስጥ ደረቱ ላይ ሰፍቷታል። ለብሷት ሄደ። ምነው ልጄ፣ ፊትህ ጠቆረ? ግባ፣ እህል ቅመስ።"

ሽሮ አቀረቡልኝ። ዋጥኩት እንጂ አላጣጣምኩትም። እኔ ባዶ ነው ብዬ የጣልኩትን ሰው ደረቱ ላይ ሰፍቶት ሄዷል።

ስመለስ አሥሩ መደብ በበሬው ቆዳ ላይ መጥቶ ከካርቶኑ ተላቋል። የተሾመ አባት ጋሽ ወልዴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መኪናቸውን ወደ ደጅ አውጥተው ቁራጮቹን ጉልበታቸው ላይ ይገጣጥማሉ። እኔ ቀረብ ብዬ የኳሱን ቆዳ ዘረጋሁላቸው።

"ጋሽ ወልዴ፣ በዚህ ቢደፈን?"

ቆዳውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"ሰውየው ሊሮጥ ነው ወይስ ኮርቻ ሊጫንበት?"

ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ፤ ደበላ ዳግም ሲስቅ ያየሁትም ያኔ ነው። ጋሽ ወልዴ ሌላ ጨርቅ ሊጥፉ ሲያነሱ ግን እጃቸውን ያዘው።

"ተዉት፣ ክፍት ይሁን። የሌላ ሰው ልብስ ለብሼ አልሮጥም። በዚያ በኩል ነፋስ ይግባልኝ።"

እሁድ ከባሕር ዛፎቹ ስር መንገዱን ይዘን ቆምን። መጀመሪያ ሕፃናት፣ ቀጥሎ የአለቆቹ ጂፕ፣ ከዚያ ሯጮቹ መጡ። የእግራቸው ድምፅ ከሩቅ የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል። ደበላ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። አንገቱን ቀና አድርጎ ይመጣል፤ ማሊያው ግን አንድ ማሊያ አልነበረም። በር ላይ የተሰቀለው ቁራጭ ፀሐይ ጠጥቶ ነጥቷል። ሣጥን ውስጥ የከረመው የእናቲቱን ቅቤ ጠጥቶ ጠቁሯል። ምድጃ አጠገብ ያደረው ቡናማ ሆኗል። በአያትየው ጉልበት የታሸው ለስልሶ ያብረቀርቃል። የተሾመ ብብት በወረቀት ተጠቅልሎ ስለከረመ እንደ አዲስ አረንጓዴ ነው። አሥር ቤት ተሰፍቶ ይሮጣል።

"ያውና! ትከሻው የኛ ነው!"

"እማዬ፣ ሣጥንሽን አየሽው?"

"ብብቴ! አይዞህ ብብቴ!" ይላል ተሾመ፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። የማያውቁት ሰዎች "ይሄ ለማኝ ከየት መጣ?" እያሉ ይስቃሉ። ፊት ለፊት ያዩት ሁሉ "ደህና ነው፣ ፊቱ ዘና ብሏል" አሉ።

እኔ የምጮህለት ቁራጭ አልነበረኝም። ካለፈኝ በኋላ ነው ያየሁት።

ከትከሻዎቹ መሐል ትንሽ ሰፌድ የሚያክል ክፍት ቦታ፤ በክፍቱ ውስጥ ቆዳው። የትከሻው አጥንቶች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ላቡ በአከርካሪው ቦይ ይወርዳል። በግራ በኩል ደግሞ የግራ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር አንድ ጅማት ተወጥሮ ይዘላል፤ የተያዘ ዓሣ እንደሚንፈራገጠው። ሥጋው ይንቀጠቀጣል። ዳሌው አልተሻለውም። ፊቱ የዋሸውን ጀርባው ይናገራል፤ ይህንንም በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ባዶ ነው ብዬ የሰጠሁት ቦታ፣ ሰውየው ራሱ ያለው እዚያ ነበር።

ከተፍኪ እስኪመለሱ አልተቀመጥኩም። ሲመለሱ ሁለተኛ ነበር። ፊቱ እንደዚያው ዘና ብሏል። ካለፈኝ በኋላ ጅማቱን ፈለግኩት፤ ከቅድሙ ብሶበት ይዘላል። በዚያ ላይ ነው ያን ሁሉ ሰው ያለፈው። ጓደኞቼ ተቃቅፈው ሲጨፍሩ እኔ ባሕር ዛፉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ "ይሄ ደግሞ ጀርባውን ሸጦ ነው የሚያዝነው" ብለው አለፉኝ።

ሁለተኛ ሆኖ ገባ። ቡድኑ ውስጥ ቀረ። አለቃው "ማሊያህ ምን ሆነ?" ሲለው "ሰበታ አድሮ ነው" አለ አሉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሌላ ማሊያ ሲሰጡት በላዩ እየደረበ ያንኑ ለብሶ ሮጠ፣ እህቱ እንደነገረችን። ሙስጠፋ ከጅማ ሲመለስ የሆነውን ነግሬው ጨርቁን እንዲመልስልኝ ለመንኩት። "አሁንማ በጭራሽ!" አለኝ። ሐቁ ነው። የኳሱ ቆዳ እኔው ጋ ቀረ፤ አባቴ ለበር ማጠፊያ ተጠቀመበት።

ሱቁ ውስጥ ይህን ጨርሼ ስመለከት ጭሱ ቀንሷል። ባለሱቋ "ሁለተኛ ብቻ? አንደኛ ቢያደርጉት ምን ይጎድልብዎት ነበር?" አለችኝ። ውሸት ቢሆንማ አደርገው ነበር።

ከሰዓት በኋላ በእግር ማለፍ ይቻላል ተባለና ወጣን። ያን ሰሞን ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ፊትህን ያያል፣ ቀጥሎ ስምህን ይጠይቃል፣ ከስምህ ተነስቶ የማን ወገን እንደሆንክ ራሱ ይጨርሰዋል። ቦንሳ ከፊት ከፊቴ ይሄዳል። ሲያጫውተኝ፣ ሲያስቀኝ የዋለው ልጅ ሸሚዙ ከትከሻዎቹ መሐል ረጥቦ ተጣብቋል፤ ጀርባው ይንቀጠቀጣል። ለካ ያን ሁሉ ፎቶ ሲያሳየኝ የነበረው ፈርቶ ነው። ራቅ ብሎ ወታደሮች መንገዱን ይዘው ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው ቆመዋል። የመጨረሻው ወታደር በዕድሜ ከቦንሳ አይበልጥም፤ በጠመንጃው ማንገቻ ስር ልብሱ ያንኑ ያህል ረጥቧል፣ ትከሻው ያንኑ ያህል ይዘላል።

ቦንሳ ሳይዞር "አባባ፣ ቶሎ ቶሎ ይበሉ" አለኝ።

"እሺ፣ መጣሁ" አልኩት። ጉልበቴን አመካኝቼ ግን ቀስ አልኩ፤ ጀርባቸውን የሚያይላቸው አንድ ሰው ከኋላ ይቅር ብዬ።